«ናይስ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ቃልና ስለ ሂሳችን

ነገሩ የተነሣው ከአንድ የዓርብ ማታ የሥነ ጽሑፍ ዝግጅታችን ነው። አንድ ጓደኛችን (ስሙን ላላነሣ ቃል ገብቼለታለሁ) ስለ እናቱ የጻፈውን ግጥም አነበበ። ግጥሙ ረዘም ያለ ነበር። ሲያነብ ወረቀቱ በእጁ ላይ ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ወንበር ሳይቀር ይታይ ነበር። ሲጨርስ አጨበጨብን። እንደ ልማዳችን አስተያየት ተጠየቀ። አንዱ ተነሥቶ «ናይስ ነው» አለ። ሁለተኛዋ «በጣም ናይስ ነው፣ ቀጥልበት» አለች። እኔም በተራዬ ተነሥቼ «ናይስ ግጥም ነው፣ ተመችቶኛል» አልኩና ተቀመጥኩ። በዚሁ ወደሚቀጥለው አንባቢ ታለፈ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሻይ ቤት ተገናኘን። ስኳሩን እያማሰለ፣ «ስማ እንጂ፣ ያን ዕለት ናይስ ነው ያልከው ምኑን ነው?» አለኝ። ምን ልበል? «ያው… ጠቅላላ ስሜቱ፣ አነባበብህም…» ብዬ ተንተባተብኩ። እውነቱን ለመናገር ግጥሙን በወጉ አላዳመጥኩትም ነበር። እሱም ገብቶታል። ፈገግ ብሎ፣ «እኔ እኮ ከዚያ ወዲህ አንድ ስንኝ አልጻፍኩም። መጥፎ ነው ብትሉኝ ተናድጄ እጽፍ ነበር። ናይስ ነው ከተባለ በኋላ ግን ምን ይደረጋል?» አለኝ።

ይህ ጥያቄ ነው ወደ ቤተ መጻሕፍት የነዳኝ። የሄድኩት ለጓደኛዬ መልስ ፍለጋ እንዳይመስላችሁ፤ ራሴን ለመከላከል ነበር። «ናይስ» ሰፊ ቃል ናት፣ ብዙ ትርጉም ትይዛለች፣ ስለዚህ «ናይስ ነው» ማለቴ ባዶ ንግግር አይደለም ብዬ ለመሟገት ፈልጌ ነበር። በእርግጥም ቃሏ ብዙ ትርጉም አላት። ዳሩ ግን መዝገበ ቃላቱን ባገላበጥኩ ቁጥር ታሪኳ በራሴ ላይ ይመሰክርብኝ ጀመር። ይህ ጽሑፍ የዚያ ምስክርነት ቃል ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

፩

«ናይስ» በትውልዷ እንግሊዛዊት አይደለችም። ኖርማኖች በ1066 እንግሊዝን ከያዙ በኋላ በፈረንሳይኛ በኩል ከገቡት እጅግ ብዙ ቃላት አንዷ ናት። ከፈረንሳይኛው ወደ ኋላ ሲኬድ ላቲን ይገኛል። በላቲን «ኔስኪዩስ» ነበረች። «ኔ» አፍራሽ ናት፤ «ስኪሬ» ማለት ደግሞ ማወቅ ነው። እንግዲህ «ኔስኪዩስ» ማለት የማያውቅ፣ አላዋቂ ማለት ነው። ከዚሁ «ስኪሬ» ከሚለው ግሥ «ሳይንስ» የሚለው ቃልም ተወልዷል። ስለዚህ «ሳይንስ»ና «ናይስ» የአንድ አያት ልጆች ናቸው ማለት ነው፤ አንዱ ማወቅን ወረሰ፣ ሌላዋ አለማወቅን። (በነገራችን ላይ ኒስ የምትባለዋ የፈረንሳይ ከተማ ዝምድና የላትም። እሷ ስሟን ያገኘችው ድል ከሚለው የግሪክ ቃል ነው።)

ቃሏ በ1300 ገደማ በእንግሊዝኛ ስትታይ ትርጉሟ «ጅል፣ ቂል» ነበር። በ1400 የሞተው ባለቅኔ ቾሰርም በዚሁ ትርጉም ይጠቀምባት ነበር። በእሱ ዘመን አንዱን ሰው ናይስ ነህ ማለት ስድብ እንጂ ምስጋና አልነበረም። ከዚያ ወዲያ ግን ቃሏ አርፋ አልተቀመጠችም። ከጅል ተነሥታ ቅብጥብጥና ልቅ ወደ ማለት ሄደች። ከዚያ በምግብና በልብስ የሚቀናጣ፣ ሁሉን የሚያማርጥ ሰው መጠሪያ ሆነች። ማማረጥ ደግሞ መለየትን ይጠይቃል። ስለዚህ ቀስ በቀስ ረቂቅ ልዩነትን ለይቶ የሚያይ ዐይን፣ ለይቶ የሚሰማ ጆሮ፣ ጥንቁቅ ፍርድ «ናይስ» ተባለ። በሌላ በኩል ደግሞ «ጥቃቅን፣ ከቁም ነገር የማይገባ» የሚል ትርጉምም ይዛ ነበር። ደስ የሚል፣ መልካም የሚለው የዛሬው ትርጉም የገነነው ከዐሥራ ስምንተኛው ምዕተ ዓመት ወዲህ ነው።

እነዚህ ትርጉሞች ወረፋ ጠብቀው አንዱ ሲወጣ ሌላው የገባ እንዳይመስለን። አብረው ነበር የሚኖሩት። የመጀመሪያው ክፍል በ1884 ወጥቶ በ1928 የተጠናቀቀው ትልቁ የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እንኳ ስለዚህች ቃል ሲናገር፣ በዐሥራ ስድስተኛውና በዐሥራ ሰባተኛው ምዕተ ዓመት ጽሑፎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ጸሐፊው የትኛውን ትርጉም እንዳሰበ ለመወሰን ያስቸግራል ብሎ እጁን ይሰጣል። ያን ያህል ሊቃውንት የተሰበሰቡበት መዝገበ ቃላት አልተለየኝም ሲል ለእኛ ለተማሪዎች ያጽናናል።

፪

ይህ ለመዝገበ ቃላት ሰዎች ብቻ የሚቀር ጉዳይ አይደለም። ለአንባቢም አደጋ አለው። የምናውቀውን ሥራ እንውሰድ፤ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ የመለሱትን የሼክስፒርን «ሮሚዮና ዡልየት»። እንግሊዝኛውን ለትምህርት ያነበብን ሁሉ በአምስተኛው ገቢር ያለውን የአባ ሎረንስን ንግግር እናስታውስ። አባ ሎረንስ ለሮሚዮ ደብዳቤ ልከዋል። ዡልየት የሞተች መስላ መተኛቷን እንጂ አለመሞቷን የሚነግር ደብዳቤ ነው። መልእክተኛው አባ ጆን ግን ወረርሽኝ አለበት ተብሎ በተጠረጠረ ቤት ውስጥ ስለ ተዘጋበት ደብዳቤውን ሳያደርስ ተመለሰ። አባ ሎረንስ ይህን ሲሰሙ ይደነግጡና ስለ ደብዳቤው ሲናገሩ ናይስ አልነበረም ይላሉ።

አሁን በዛሬው ጆሮ ይህን የሚሰማ ተማሪ ምን ይረዳል? «ደብዳቤው ጥሩ አልነበረም»፤ ክፉ ቃል ያለበት፣ ምናልባትም ስድብ ያለበት ደብዳቤ። እኔ ራሴ መጀመሪያ ሳነበው እንዲያ ነበር የመሰለኝ፤ ምን ጽፈው ይሆን ብዬም ገርሞኝ ነበር። አባ ሎረንስ የሚሉት ግን «ደብዳቤው ተራ ነገር አልነበረም፣ ከባድ ጉዳይ የያዘ ነበር» ነው። ከዚያ በፊት በሦስተኛው ገቢርም ቤንቮሊዮ ለመስፍኑ የጠቡን ነገር ሲያስረዳ፣ ሮሚዮ ቲባልትን ጠባችን ምን ያህል ከንቱና ጥቃቅን ነገር እንደ ሆነ አስብ ብሎ ለምኖት እንደ ነበር ይናገራል። እዚያም የምትገኘው ያችው ቃል ናት። እንግዲህ በዚህ ተውኔት ውስጥ ሁለት ጊዜ የሰው ሕይወት በዚህች ቃል አጠገብ ያልፋል። አንድ ጊዜ ተራ በሆነ ጠብ ሰው ይሞታል፤ ሌላ ጊዜ ተራ ባልሆነ ደብዳቤ መጥፋት ሁለት ወጣቶች ይሞታሉ። የቃሏን አሮጌ ትርጉም ያላወቀ አንባቢ ይህን ዝምድና አያየውም። ቃሏን ያውቃታል ብሎ ስለሚያምን ደግሞ መዝገበ ቃላት አይገልጥም። የማናውቀው ቃል ያስቆመናል፤ የምናውቅ የሚመስለን ቃል ግን አታሎን ያልፋል።

፫

በ1755 ሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላቱን ሲያሳትም ለ«ናይስ» በመጀመሪያ ተራ የሰጣት ፍቺ ጥቃቅን ልዩነት ሳይቀር ለይቶ የሚፈርድ የሚል ነበር። ወዲያውም ይህ ጠባይ ሲበዛ ነቀፌታ እንደሚሆን ያስጠነቅቃል። ይህን ፍቺ ሳነብ ነው የደነገጥኩት። የሐያሲ ሥራ እኮ ሌላ ምንድር ነው? ሁለት የሚመሳሰሉ ነገሮችን ለይቶ ማየት፣ ይህኛው ስንኝ ለምን እንደ ቆመ ያኛው ለምን እንደ ወደቀ መናገር። እኔ ለጓደኛዬ ናይስ ብዬ የሰጠሁት መልስ የጆንሰን ናይስ የምትጠይቀውን ሥራ ላለመሥራት የተጠቀምኩበት ማምለጫ ነበር።

ጆንሰን ከሞተ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነገሩ ተገላበጠ። ለዚህ ምስክር የምትሆነን ጄን ኦስተን ናት። «ኖርዛንገር አቢ» የተባለውን ልብ ወለድ በ1790ዎቹ መጨረሻ ላይ ጽፋው ነበር። የታተመው ግን በሐምሌ 1817 ከሞተች በኋላ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። በዚያ ውስጥ ሦስት ወጣቶች ባዝ በተባለችው ከተማ አጠገብ ወዳለው ቢችን ክሊፍ ኮረብታ በእግራቸው ይሄዳሉ፤ ካትሪን ሞርላንድ፣ ሄንሪ ቲልኒና እኅቱ ኤልነር። ካትሪን ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። በ1794 የወጣውን የአን ራድክሊፍን የሚያስፈራ ልብ ወለድ፣ «የዩዶልፎ ምስጢሮች»ን፣ በዓለም ላይ ካሉ መጻሕፍት ሁሉ ናይሷ እሱ እንደ ሆነ ትናገራለች። ሄንሪ ይቀበልና ያላግጥባታል። በጣም ንጹሑ ማለትሽ ከሆነ ይህማ የጠራዡ ሥራ ነው ይላታል። ቀጥሎም ቀኑ ናይስ፣ ሽርሽሩ ናይስ፣ ወጣቶቹ ሴቶች ናይስ፤ ቃሏ ለሁሉም ነገር ትሆናለች እያለ ይቀልዳል። ድሮ ምናልባት ለጥራትና ለረቂቅነት ብቻ የተለየች ነበረች፤ ዛሬ ግን የማንኛውም ነገር ምስጋና ሁሉ በዚህች አንድ ቃል ተጠቃሏል ይላል።

ብዙ ሰዎች ይህን ቦታ ሲጠቅሱ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ሄንሪን እንደ አስተማሪ፣ ካትሪንን እንደ ተማሪ ያዩአቸዋል። በ1926 የእንግሊዝኛ አጠቃቀም መመሪያ የጻፈው ፋውለርም ቃሏን ያበላሿት ሴቶች ናቸው፣ ከመውደዳቸው ብዛት የራሷ መልክ እንዳይኖራት አደረጓት ብሎ ከሄንሪ ወገን ተሰልፏል። ኦስተን ግን እዚያ አላቆመችም። ሁለት ነገር ጨምራለች። አንደኛ፣ ካትሪን ራሷ ትመልሳለች፤ መጥፎ ነገር ለመናገር አላሰብኩም፣ መጽሐፉ በእውነት ናይስ ነው፣ ታዲያ እንዲያ ብዬ ብጠራው ምን አለበት ትላለች። ሁለተኛ፣ እኅቱ ኤልነር ጣልቃ ትገባለች። ቃሏ ለምስጋና ሳይሆን ለአንተ ለራስህ ነው የምትስማማው፤ ናይስነትህ ከጥበብህ ይበልጣል ትለዋለች። አያችሁ? ኤልነር አሮጌውን ትርጉም፣ ያንን አማራጩንና ነቃሹን «ናይስ» አንሥታ ወንድሟን በዚያው ትወጋዋለች። ስለ ቃሉ ታሪክ ሲሰብክ የነበረውን ሰው በራሱ ቃል ረታችው።

በእኔ አስተያየት ሦስቱም የእውነት ድርሻ አላቸው። ሄንሪ ስለ ቃሏ ልክ ነው። ካትሪን ስለ ደስታዋ ልክ ናት፤ መጽሐፉ እንቅልፍ ነሥቷታል፣ ይህም ውሸት አይደለም። ኤልነር ደግሞ ስለ ወንድሟ ልክ ናት። ሌላም ነገር አለ። ሄንሪ የቃሏን ታሪክ እስከ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው የቆጠረው። ከረቂቅነት በፊት ጅልነት፣ ከጅልነት በፊት አለማወቅ እንደ ነበረ አላነሣም። ካትሪን በዚያ በጥንቱ በላቲኑ ትርጉም «ናይስ» ናት፤ አላዋቂ ናት። ልብ ወለድን ከኑሮ ገና አልለየችም። በኋላ የሄንሪን አባት፣ ጄኔራል ቲልኒን፣ ሚስቱን የገደለ ነው ብላ እንድትጠረጥር የሚያደርጋት ይኸው ነው። ጥርጣሬዋ ስሕተት ነበር። ጄኔራሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። ሀብታም አለመሆኗን ሲሰማ ግን ልጅቷን ያለ አጃቢ ከቤቱ ያባርራታል። ስለዚህ ካትሪን የምትማረው ነገር ክፉ ሰው የለም የሚል አይደለም። በወንጀለኛና በጨካኝ መካከል፣ በሚያስፈራ ታሪክና በሚያሳፍር ሥራ መካከል ያለውን ልዩነት ማየት ነው። ከላቲኑ «ናይስ» ተነሥታ ወደ ጆንሰን «ናይስ» ትጓዛለች ብንል ያስኬዳል። ኦስተን ይህን አስባ አቀነባበረችው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ቃሏ የተሸከመችው ታሪክ ለልብ ወለዱ ይስማማዋል።

፬

ዛሬስ? በዛሬው የእንግሊዝኛ ተናጋሪ አፍ ላይ «ናይስ» ስንት ሥራ እንደምትሠራ እንቁጠር። አየሩ፣ ምግቡ፣ ሰውዬው፣ ጫማው ሁሉ ናይስ ይባላል። እንግዳ ሲተዋወቁ ስላወቅሁህ ደስ ብሎኛል ለማለት እሷኑ ያነሣሉ። ሻዩ «ናይስ ኤንድ ሆት» ነው ሲሉ ሻዩ ናይስም ትኩስም ነው ማለታቸው አይደለም፤ ደስ በሚል መጠን ሞቋል ማለታቸው ነው። እዚህ ላይ ቃሏ የሌላ ቅጽል አሽከር ሆናለች። ልጅ ልጅን ሲመታ እናቲቱ ናይስ ሁን ትለዋለች፤ ጨዋ ሁን፣ አትማታ ማለት ነው። ነገሩ ሲበላሽ ደግሞ ናይስ የሆነ ዝብርቅርቅ ውስጥ ከተትከን ይባላል፤ እኛ አንድ ሰው ብርጭቆ ሲሰብር «ጎሽ!» እንደምንለው ነው። «ናይስ ትራይ» የሚባለው ሞክሮ ላልተሳካለት ሰው ነው፤ ሊያታልል ሲል ለተነቃበት ሰውም ይባላል። «ናይስ ጋይ» ሲሉ ደግ ሰው ነው ማለታቸው ነው፤ አንዳንዴ ግን «ምንም የማያመጣ» የሚል ጥላ ያጠላበታል። የዱሮው ትርጉም ጨርሶ አልሞተም። በሕግና በፍልስፍና ጽሑፍ ውስጥ «ናይስ ዲስቲንክሽን» ሲባል ለዐይን የረቀቀ ልዩነት ማለት ነው እንጂ ደስ የሚል ልዩነት ማለት አይደለም። ለፈተና የምትዘጋጁ ይህችን ልብ በሉ።

ከእነዚህ ከመጨረሻዋ በቀር የሁሉም የጋራ ጠባይ ምንድር ነው? ስለ ነገሩ ምንም አይነግሩንም። ስለ ሻዩ ጣዕም፣ ስለ ጫማው ስፌት አንዳች አናውቅም። የሚነግሩን በተናጋሪውና በሰሚው መካከል ያለውን ነገር ነው፤ ሰላም ነን፣ አልተጣላንም፣ እያሾፍኩብህ ነው፣ ተረጋጋ። ቃሏ ነገርን መለየት ትታ ሰውን ማስማማት ይዛለች። ይህ በሰላምታ ላይ ነውር የለበትም። ሰው ከሰው ሲገናኝ እንዲህ ያለ ቃል ያስፈልገዋል፤ እኛስ «እንዴት ነህ? ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ስንባባል የሐኪም ምርመራ ውጤት እየተለዋወጥን ነው እንዴ? ችግሩ የሰላምታውን ቃል ወደ ሂስ ስናመጣው ነው። ወደ አዲስ አበባ አማርኛ የገባችው «ናይስ» ደግሞ ይህችው የሰላምታዋ ብቻ ናት። «ናይስ ልጅ ነው»፣ «ናይስ ቤት ነው»፣ «ናይስ ግጥም ነው» እንላለን። ለያይዋ፣ ነቃሿ፣ የኤልነሯ «ናይስ» አብራ አልመጣችም።

፭

አንዳንዱ አንባቢ «ታዲያ የፈረንጅ ቃል ጣልና በገዛ ቋንቋህ ተናገር» ይለኝ ይሆናል። ነገሩ በዚህ ቢፈታ ደስ ባለኝ። «ጥሩ» የምንለው የራሳችን ቃልም ያንኑ መንገድ ተጉዟል። «ጥሩ» የመጣው ጠራ ከሚለው ግሥ ነው። ሰማዩ ጠራ፣ ጠጁ ጠራ፣ ውሃው ጠራ እንላለን። ጥሩ ወርቅ ማለት ሌላ ማዕድን ያልተቀላቀለበት፣ በእሳት ተፈትኖ የነጠረ ወርቅ ማለት ነው። እንግዲህ «ጥሩ» ከባድ ቃል ነበር፤ ተፈትኗል፣ ዝቃጩ ወጥቷል የሚል ምስክርነት ነበር። ዛሬ «ጥሩ ነው» ብሎ የሚያልፍ ሰው ምኑን አጥርቶት ነው? «ግሩም»ንም እዩት። በግዕዝ ግሩም ማለት የሚያስፈራ፣ ከግርማው የተነሣ የሚያንቀጠቅጥ ማለት ነው። ዛሬ «ግሩም ሻይ ነው» ስንል የሚንቀጠቀጥ ሰው የለም። በተቃራኒው «የዋህ» በመጽሐፍ የምስጋና ቃል ሆኖ ሳለ በየሰፈሩ «አንተ እኮ የዋህ ነህ» ሲባል የሚታለል ሰው ማለት ሆኗል። በእንግሊዝኛም «ሲሊ» የምትባለው ቃል ጥንት የተባረከ ማለት ነበረች፤ ዛሬ ጅል ማለት ናት። «ናይስ» ከጅልነት ወደ ላይ ወጣች፣ «ሲሊ» ከበረከት ወደ ታች ወረደች፤ መንገድ ላይ ተላለፉ ማለት ነው። ቃላት መለወጣቸው የማይቀር ስለሆነ አሮጌ ትርጉም ላይ ተጣብቄ እንደ ሄንሪ መሳቂያ መሆን አልፈልግም። የምጠይቀው ቃሏ እንድትመለስ ሳይሆን ሥራዋ እንዲመለስ ነው።

ያ ሥራ ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ይነግራል። መምህሩ ያዳምጣል፤ ቤቱ ከጎደለ ጎደለ ይለዋል፣ ምስጢሩ ካልሰመረ አልሰመረም ይለዋል፣ ያርመዋል። ተማሪውም ሄዶ እንደ ገና ይቆጥራል። የሰመረ ቅኔ ሲሰማ «ይበል!» ይባላል። «ይበል» አንድ ቃል ብቻ ናት፤ «ናይስ»ም አንድ ቃል ብቻ ናት። ልዩነታቸው ከበስተኋላቸው ያለው ነገር ነው። ከ«ይበል» በስተኋላ ቤት የቆጠረ ጆሮ አለ። ከእኔ «ናይስ» በስተኋላ ግን ወደ መኝታ ክፍሌ የመሄድ ሐሳብ ነበረ።

ለምን እንዲህ ሆንን? አንዱ ምክንያት ይመስለኛል «ሂስ» የሚለው ቃል ራሱ የተሸከመው ጠባሳ ነው። በደርግ ዘመን «ሂስና ግለ ሂስ» ማለት ሰው በስብሰባ መካከል ቆሞ የሚወቀስበትና ራሱን የሚያወግዝበት ነገር ነበር። ከዚያ ወዲህ ሂስ ሲባል ብዙ ሰው የሚሰማው ውግዘት ነው። ጓደኛን ማውገዝ የሚወድ የለም። ስለዚህ ከውግዘት ለመሸሽ ወደ «ናይስ» እንገባለን፤ በውግዘትና በ«ናይስ» መካከል ያለውን ሰፊ አገር፣ ማለትም እውነተኛውን ሂስ፣ ሳንረግጠው እንቀራለን። ሁለቱም ደግሞ አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ለማውገዝም ሆነ ናይስ ለማለት ግጥሙን ማንበብ አያስፈልግም።

፮

በመጨረሻ ወደ ጓደኛዬ ተመለስኩ። ግጥሙን በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ለመንኩት፤ እያመነታ ሰጠኝ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ግጥሙ ሌሊት ተነሥታ ለሽያጭ እንጀራ ስለምትጋግር እናት ነው። በመካከሉ ልጁ ዐይኗ ለምን እንዳለቀሰ ይጠይቃታል፤ እሷም በነጠላዋ ጫፍ እያበሰች ጭሱ ነው ትለዋለች። ገጣሚው ከዚህ በላይ አንድ ቃል አይጨምርም። ጭሱ ይሁን ሌላ ነገር አይነግረንም፤ እኛም እንደ ልጁ ሳናውቅ እንቀራለን። ይህ ቦታ በእውነት የሰመረ ነው፤ ያን ዕለት ማታ አልሰማሁትም ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ዐሥራ ሁለት የሚጠጉ ስንኞች እናት ማለት ፍቅር፣ እናት ማለት ምንጭ፣ እናት ማለት ጥላ እያሉ ይቀጥላሉ። እነዚህ ስለ ማንኛዋም እናት ሊባሉ የሚችሉ ናቸው። ያችን በጭስ መካከል የቆመች ሴት ከፊታችን ይወስዱብናል። ቤት መምቻቸውም በአብዛኛው ቤቱን ለመሙላት ብቻ የገባ ነው።

ይህንኑ ሳልደብቅ ነገርኩት። ተናደደ። የመካከሉን ስናነሣ ፊቱ በራ፤ የመጨረሻዎቹን ስናነሣ ተከራከረኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ መጣና ዘጠኙን ስንኝ ሰርዟል። ሦስቱን ግን አልሰረዘም። «እነዚህ ደካማ ናቸው ብያለሁ እኮ» አልኩት። «ይሁኑ። እነዚህን የጻፍኳቸው እናቴ እንድትሰማቸው ነው፤ አንተ እንድታደንቃቸው አይደለም» አለኝ። ጭሱ ነው ያለችው ሴት ስለ ጭሱ ግጥም ሲነበብላት ታፍራለች፤ እናት ጥላ ናት ሲባል ግን ደስ ይላታል። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር። የኤልነር ቃል በኔም ላይ ደረሰ፤ ናይስነቴ ከጥበቤ በልጦ ነበር። አሁንም ሦስቱ ስንኞች ደካሞች ናቸው ባይ ነኝ፤ ግን ለምን እንዳሉ አውቃለሁ። እሱም ለምን እንደምቃወማቸው ያውቃል። ከ«ናይስ» ይህ ይሻላል።

ስለዚህ ለዓርብ ማታ ዝግጅታችን አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀርባለሁ። «ናይስ ነው» ማለት አይከልከል፤ መከልከል የሄንሪ ቲልኒ ሥራ ነው። ነገር ግን «ናይስ ነው» ያለ ሰው «ምክንያቱም» ብሎ አንድ ስንኝ፣ አንድ ቃል፣ አንድ ቦታ ጠቁሞ ይቀመጥ። መጠቆም ያቃተው «አላዳመጥኩም» ይበል፤ ይህም በላቲኑ ትርጉም ናይስ መሆኑን ማመን ስለሆነ ነውር የለውም።

በዚህ ጽሑፍ የማይስማማ ካለ መልሱን ለሚቀጥለው እትም ይጻፍልኝ። ብቻ አደራችሁን፣ ኮሪደር ላይ ስታገኙኝ «ናይስ ጽሑፍ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉኝ።